ወንዝን ስለ ማንበብ

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ በተራራና በደን መካከል በሚወርድ ፈጣን ወንዝ ላይ ስለሚደረግ የጀልባ ቀዘፋ ነው። ይህን ርእስ የሰማ ሰው፣ «ስለ ሥርዐተ ትምህርት፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ መምህር ኑሮ መነገር ሲገባው፣ በአረፋ ላይ እየተንሳፈፉ መጫወት ከእኛ ጉባኤ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድሜ እሰጣለሁ። በአገራችን ብዙ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት ወንዝ ተሻግረው ነው። ወንዙንም የሚያውቁት አንዳንዶቹ በፍርሃት፣ አንዳንዶቹ በድፍረት ነው እንጂ በትምህርት አይደለም። የቀዘፋ ሙያ ግን ወንዝን በትምህርት የማወቅ ጥበብ ነው። ስለዚህ የምናገረው ስለ ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ጨዋታው ስላፈራው ዕውቀትና ያ ዕውቀት ደብተር ይዘው ውሃ ለሚሻገሩ ልጆቻችን ሊሰጥ ስለሚችለው ጥቅም ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ወንዝ ልምረጥ። በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኢሉባቦር ደጋ፣ ገባ የሚባል ወንዝ አለ። ሶር የሚባለው ወንዝ በበቾ አጠገብ ከከፍተኛ ገደል ተወርውሮ ዝነኛውን ፏፏቴ ከሠራ በኋላ ወደ ገባ ይገባል። ገባም ከብርብር ጋር ሲገናኝ ሁለቱ አንድ ሆነው ባሮ ይባላሉ። ባሮ ወደ ምዕራብ ወርዶ ጋምቤላን ያልፍና ከፒቦር ጋር ተጋጥሞ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም በተራው ወደ ነጭ ዓባይ ይፈስሳል። በዚህ አገር ዝናብ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ አይደለም፤ ከሚያዝያ አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በጎሬ አካባቢ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከዚህም የተነሣ አገሩ በደን የተሸፈነ ነው። ገባ የሚያልፍበት የያዩ የቡና ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህም ሆነ ወደ ፊት በምጠቅሳቸው ነገሮች ሁሉ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስታውሳለሁ።

የዚህ ወንዝ ጠባይ ለጂኦግራፊ መምህር ትልቅ መማሪያ ነው። ከጋምቤላ በታች ያለው ባሮ መርከብ የተሸከመ ውሃ ነው። በ1902 በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ስምምነት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ጣቢያውም በ1907 ጋምቤላ ላይ ሥራውን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየተመላለሱ ቡና ያወጡ፣ ጨውና ጨርቅ ያስገቡ ነበር። ከጋምቤላ በላይ ያለው ወንዝ ግን ለመርከብ ቀርቶ ለታንኳም የሚመች አይደለም። የጎሬ ከተማ ያለችው 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ጋምቤላ ያለችው 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውሃው ይህን ሁሉ ቁልቁለት ሲወርድ በድንጋይ መካከል ይጋልባል፤ አረፋ ይደፍቃል፤ ገደል ሲያጋጥመው ይዘልላል። ወንዙ አንድ፣ ውሃውም አንድ ሆኖ ሳለ ከታች መርከብ የሚሸከመው ከላይ ግንድ የሚሰብር ሆኖ መገኘቱ ከመሬቱ ቁልቁለት የመጣ ነው። እንግዲህ «ይህ ወንዝ ክፉ ነው፤ ያኛው ወንዝ ደግ ነው» የሚለው አባባላችን ወንዙን አይገልጸውም። ወንዝ ክፋትም ደግነትም የለውም፤ ያለው ምክንያት ነው። ምክንያት ያለው ነገር ደግሞ ሊጠናና ሊታወቅ ይችላል።

በእንዲህ ያለ ውሃ ላይ የሚቀዝፉ ሰዎች በሁለት ዐይነት ጀልባ ይገለገላሉ። አንደኛው ካያክ የሚባለው፣ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበትና ሁለት አፍ ባለው መቅዘፊያ የሚነዳው ጠባብ ጀልባ ነው። የዚህ ጀልባ መነሻ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ሕዝቦች ናቸው፤ ከእንጨትና ከአጥንት አካሉን ሠርተው፣ የባሕር እንስሳ ቆዳ አልብሰው፣ ለአደን ይጠቀሙበት ነበር። ሁለተኛው አየር የሚሞላና ብዙ ሰው የሚይዝ የጎማ ጀልባ ነው። እኛም ከጀልባ ጋር እንግዶች አይደለንም። በጣና ላይ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳና በባሮ ዳር አኙዋኮች ከግንድ የሚፈለፍሉት ታንኳ የቆየ የሙያ ውርሶቻችን ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ለረጋ ውሃ የተሠሩ ናቸውና በፏፏቴ መካከል ለመውረድ አይመቹም።

የአገራችን ታላላቅ ወንዞች በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ አላቸው። በ1968 በካፕቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ቡድን በጎማ ጀልባ የዓባይን ሸለቆ ወረደ። በ1972 በማይክ ጆንስ የሚመሩ ቀዛፊዎች በዚያው ወንዝ ላይ በካያክ ተጓዙ። በ1973 ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ በአዋሽና በኦሞ ወረዱ፤ በ1996 ደግሞ ተከዜን ወረዱ። በ2003 መጨረሻ ላይ ከዓባይ ምንጭ የተነሡት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከ114 ቀን ጉዞ በኋላ በ2004 ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ።

እነዚህን ስሞች ስዘረዝር በልቡናችሁ የሚመላለሰው ነገር ይገባኛል። ወንዞቹ የእኛ ሲሆኑ ስሞቹ ሁሉ የባዕድ ናቸው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ መስኖ ወይም ስለ መጠጥ ውሃ ነው። እኔ ግን ስለ ዕውቀት ብጠቅሰው ያለ ቦታው የገባ አይመስለኝም። የወንዞቻችንን ፍሰት፣ ኩርባቸውንና ገደላቸውን አጥንቶ የጻፈው ባብዛኛው ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። ይህን የምለው እንግዳውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እርሱ ተግቶ ዐውቋል። የሚገባን ቅናት ለትጋት የሚያነሣሣው ዐይነት ነው። ደግሞም ይህ ሙያ ለአፍሪካዊ የተከለከለ አለመሆኑ ታይቷል። የፈጣን ውሃ ቀዘፋ ውድድር በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ተጀምሮ፣ ከ1992 ወዲህ ደግሞ ሳይቋረጥ ሲካሄድ፣ በ2008 በቤጂንግ የቶጎው ቤንጃሚን ቡክፔቲ በካያክ የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። ይህም ለቶጎ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳልያ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ቀዛፊው በጉልበቱና በድፍረቱ የሚወርድ ይመስለዋል። ነገር ግን የወንዝን ኀይል በክንድ ማሸነፍ አይቻልም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የፍሰቱም ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ውሃው በሰው አካል ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከጉልበት በታች የሆነ ፈጣን ውሃ ጐልማሳውን ሰው የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ቀዛፊው የሚድነው ውሃውን አንብቦ፣ ውሃው ራሱ በሚሄድበት መንገድ በመሄዱ ነው። ወንዝም እንደ መጽሐፍ የራሱ ፊደል አለው። ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ድምፅ ነው። አባቶቻችን፣ «ወንዝን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ፣ በውስጡ ያለው ድንጋይ» ብለዋል። በደን ውስጥ በሚጠማዘዝ ወንዝ ላይ ዐይን ከማየቱ በፊት ጆሮ ይሰማል። የጉሬዛውና የወፉ ድምፅ እየራቀ፣ ወፍራም ጉርምርምታ እየቀረበ ሲመጣ፣ ከኩርባው ወዲያ ቁልቁለት እንዳለ ይታወቃል። የውሃው ገጽ በቢላዋ እንደ ተቈረጠ ሆኖ፣ ከዚያ ወዲያ የዛፎች ጫፍ ብቻ ከታየ ደግሞ ፊት ለፊት ገደል አለ። ቀዛፊ ይህን ባየ ጊዜ ወደ ዳር ወጥቶ በእግሩ ሄዶ ያያል እንጂ ወደ ፊት አይቀዝፍም።

ሁለተኛው የውሃው ገጽ ቅርጽ ነው። ሁለት ድንጋዮች ውሃውን ከግራና ከቀኝ ሲያጠቡት በመካከላቸው ለስላሳ ምላስ ይፈጠራል፤ ጫፉም ወደ ታች ያመለክታል። ይህ መንገድ ነው። ጫፉ ወደ ላይ፣ ወደሚመጣው ሰው ካመለከተ ግን በዚያ ጫፍ ላይ የተሸሸገ ድንጋይ አለ። አንድ ቅርጽ ወደ ሁለት አቅጣጫ ሲዞር ሁለት ተቃራኒ ትርጉም መስጠቱ፣ ፊደል የሚያስቈጥር መምህርን የሚያስደንቅ አይሆንም።

ሦስተኛው ማረፊያው ነው። ከእያንዳንዱ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው ወደ ላይ ተመልሶ የሚዞርበት ጸጥ ያለ ስፍራ አለ። ዐዋቂ ቀዛፊ ወንዙን ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ አይወርድም። ከአንዱ ድንጋይ ጀርባ ወደ ሌላው ድንጋይ ጀርባ ይሄዳል፤ በዚያም ዐርፎ ቀጣዩን መንገድ ይመለከታል። በሚጮህ ውሃ መካከል ዕረፍት መኖሩን ማወቅ ለብዙዎች የሙያው መጀመሪያ ነው።

አራተኛው ወጥመዱ ነው። ውሃ ከደረጃ ላይ ሲወድቅ ከሥሩ ወደ ኋላ እየተገለበጠ ይዞራል፤ በዚያ የገባውንም እንጨት ሆነ ሰው ይዞ ያንከባልለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ከዳር እስከ ዳር ወጥ ሆኖ የሚወድቀው ነው፤ መውጫ ጐን የለውምና። እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሰው ነው፤ ይኸውም ለመስኖ ወይም ለመሻገሪያ በወንዝ ላይ የሚገነባ ዝቅተኛ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ግድብ ነው። ሲያዩት ጸጥ ያለና የሚያምር በመሆኑ ልጆች ሊዋኙበት ይመርጡታል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይህ ነው።

አምስተኛው፣ በደን ወንዝ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው፣ የወደቀ ዛፍ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የምንለው ተረት ይህን የወንዝ ጠባይ አስቀድሞ ያየ ነው። ውሃው የዳሩን አፈር ሲቦረቡር ዋርካው ወይም ሾላው ከነሥሩ ተገንድሶ በወንዙ ላይ ይጋደማል። ያን ጊዜ ቅርንጫፉ ወንፊት ይሆናል፤ ውሃው ያልፋል፣ ሰው ግን ይቀራል፤ የሚከተለውም ውሃ ከላዩ ላይ ይጫነዋል። በጐርፍ የተወሰደ ሰው ዛፍ ሲያይ «ዳንሁ» ብሎ ወደ እርሱ ይዋኛል። ቀዛፊ ግን ከዛፉ እንዲርቅ ይማራል፤ መራቅ ካልቻለም ከሥሩ ከመግባት ይልቅ በሙሉ ኀይሉ ከላዩ ላይ እንዲወጣ ይማራል። ይህን አንድ ነገር አለማወቅ ብቻ ነፍስ ያሳጣል።

ስድስተኛው ለወደቀ ሰው የሚሰጠው ትምህርት ነው። ሰው በፈጣን ውሃ ሲወሰድ በደመ ነፍስ ለመቆም ይሞክራል። ይህ ትልቅ አደጋ ነው፤ እግሩ በሁለት ድንጋይ መካከል ከተነከሰ ውሃው ወደ ፊት ገፍቶ ይደፋዋል። የተማረ ሰው ግን በጀርባው ተንጋልሎ፣ እግሩን ወደ ወንዙ መውረጃ ዘርግቶ፣ ጣቶቹን ከውሃ በላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ሲለዝብለትም ፊት ለፊት ሳይታገል በአግድመት ወደ ዳር ይዋኛል።

እነዚህ ስድስት ነገሮች ከባድ ፍልስፍና አይደሉም። የዐሥር ዓመት ልጅ ሊማራቸው ይችላል። ከቀዛፊዎችም መካከል ከእነዚህ ነገሮች አንዱን ሳይማር ወደ ውሃ እንዲገባ የሚፈቀድለት የለም። እነርሱ ለደስታ ብለው ወደ ወንዝ ከመግባታቸው በፊት ይህን ሁሉ ሲማሩ፣ ለትምህርት ብሎ በየቀኑ ወንዝ የሚገባ ልጅ አንዱንም ሳይማር መቅረቱ ሊያሳስበን አይገባምን?

ከንባቡ ቀጥሎ የኅብረቱ ሥርዐት አለ። ቀዛፊዎች ወንዝን ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይመድባሉ፤ 1 የለዘበ ውሃ ሲሆን 6 ለታላላቆቹ ባለሙያዎች እንኳ ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። ጀማሪ በ1 ይጀምራል፤ ማንም በጓደኛው ደረጃ አይወርድም። ራስን የሚጠብቅ ቆብና የሚያንሳፍፍ ልብስ ሳይለብስ የሚገባ የለም። ከአቅም በላይ የሆነ ስፍራ ሲያጋጥም ጀልባውን ተሸክሞ በዳር በእግር ማለፍ እንደ ነውር አይቈጠርም፤ እንዲያውም ተሸክሞ ለማለፍ የሚያፍር ሰው ከኅብረቱ ጋር እንዲሄድ አይወደድም። በሰልፉ መጨረሻ ላይ የሚሄደው ደግሞ ከሁሉ የበረታው ነው፤ የወደቀውን የሚያነሣ፣ የዘገየውን የሚጠብቅ እርሱ ነውና።

ከሥርዐቶቹ መካከል በደም የተጻፉ አሉ። በ1968 ዓባይን ከወረዱት ሰዎች አንዱ የሞላውን የበሽሎን ወንዝ ገመድ ታስሮ ሲሻገር በውሃ ተወስዶ ሞቷል። በፈጣን ውሃ ውስጥ በሰው አካል ላይ የማይፈታ ገመድ አይታሰርም፤ ውሃው ሲወስደው ገመዱ ይይዘዋል፤ ገመዱ ሲይዘው ውሃው ወደ ታች ይጫነዋል። ስለዚህ አዳኙ ከዳር ሆኖ ገመድ ይወረውራል፤ የሚሰጥመው ሰው በእጁ ይይዘዋል፤ መልቀቅ ሲያስፈልገውም ይለቅቀዋል። በየገጠሩ ልጆችን በገመድ አስሮ የማሻገር ልማድ ያላችሁ ሁሉ ይህን ነገር እንድታስቡበት እለምናለሁ። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ማይክ ጆንስም በ1978 በፓኪስታን፣ በብራልዱ ወንዝ ላይ፣ በችግር ላይ የወደቀ ጓደኛውን ለመርዳት ሲሞክር ሕይወቱን አጥቷል። ሙያ አደጋን ያሳንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም። ይህን የማያምን ሰው ቀዛፊም አስተማሪም ሊሆን አይገባውም።

ክቡራን ሆይ፤ እስካሁን የተናገርሁት ለዚህ ለመጨረሻው ጉዳይ መንደርደሪያ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2021 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ከእነዚህም ሩብ ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2021 በየዓመቱ ሐምሌ 18 ቀን የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። ድርጅቱ ከሚመክራቸው መከላከያዎች አንዱ የትምህርት ቤት ልጆችን ዋና፣ የውሃ ጥንቃቄና ራስን ሳያጋልጡ ሌላውን የማዳን ዘዴ ማስተማር ነው። ይህ ሥራ የሐኪም ወይም የመሐንዲስ አይደለም፤ የመምህር ነው።

እኔ የማሠለጥናቸው ወጣቶች በየዓመቱ ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ። ሲመለሱም ከሚነግሩኝ ነገር አንዱ ስለ ስም መጥሪያ መዝገብ ነው። በመስከረምና በጥቅምት፣ ደግሞም በግንቦትና በሰኔ፣ በአንድ ቀን ብዙ ልጆች «ቀሪ» ተብለው ይመዘገባሉ። መምህሩ ስንፍና ነው ይላል፤ ወይም ወላጆችን ይወቅሳል። ነገር ግን የቀሩት ልጆች የመጡበት ቀበሌ ሲታይ ሁሉም ከወንዝ ማዶ ናቸው። ያ ቀን ወንዙ የሞላበት ቀን ነው። እንግዲህ ወንዝ ብቻ ሳይሆን መዝገቡም ይነበባል ማለት ነው። መዝገቡን በደንብ ያነበበ መምህር ከቀሩት ይልቅ ስለ መጡት ሊያስብ ይገባዋል። ከማዶ ከሚመጡት ሃያ ልጆች ዐሥራ ሰባቱ ቀርተው ሦስቱ ከመጡ፣ እነዚያ ሦስቱ በሞላ ወንዝ ውስጥ አልፈው መጥተዋል። ለምን መጡ? ፈተና እንዳያመልጣቸው፣ የቀሩበት ቀን እንዳይቈጠርባቸው፣ መምህር እንዳይቈጣቸው ብለው ነው። እኛ ትጋት ብለን የምናመሰግነው ነገር አንዳንድ ጊዜ እኛው ራሳችን በልጁ ላይ የጫንነው አደጋ ነው።

ስለዚህ ለመምህራን ሦስት ነገር፣ ለትምህርት ሹማምንትም ሦስት ነገር ላቅርብ።

መምህራን ሆይ፤ በመጀመሪያ፣ ውሃው በሚጐድልበት በበጋ ወራት ልጆቹን የአካባቢውን ሰው አስከትላችሁ ወደ ወንዙ ዳር ውሰዷቸው። በውሃ ውስጥ የሚታየውን ድንጋይ አሳዩአቸው፤ ክረምት ሲመጣ ያው ድንጋይ ሲሸፈን ገጹ ምን እንደሚመስል ያስተውላሉ። ቅጠል ወይም ገለባ ወርውረው ውሃው የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚመለስ ይከታተሉ። ሁለተኛ፣ በመሻገሪያው ዳር በማይነቃነቅ ድንጋይ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ውሃው ከዚያ ምልክት ካለፈ ማንም ልጅ እንዳይገባ ከወላጆች ጋር ተስማሙ። ሦስተኛ፣ የደራሽን ምልክት አስተምሩ። በእኛ መንደር ፀሐይ እያለ ከላይ በተራራው የዘነበው ዝናብ በድንገት ይደርሳል። ውሃው ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ሲመጣ፣ ድምፁም ሲለወጥ፣ ልጁ ወደ ፊት ሳይል ወደ ኋላ መመለስ አለበት። የሰጠመ ባልንጀራውን ለማውጣት ዘሎ እንዳይገባ፣ ረጅም እንጨት እንዲዘረጋ ወይም ገመድ እንዲወረውር፣ ትልቅ ሰውም እንዲጠራ ይማር።

ክቡራን ሹማምንት፤ ከናንተ የምንለምነው በመጀመሪያ፣ ወንዝ በመሙላቱ የቀረ ልጅ ያለ ምክንያት እንደ ቀረ እንዳይቈጠርና ያመለጠውን ትምህርትና ፈተና ያለ ቅጣት እንዲያካክስ መመሪያ እንዲወጣ ነው። ወንዙን ለመሻገር ወይም ለመመለስ የሚደረገው ውሳኔ በልጁ ጫንቃ ላይ መውደቅ የለበትም፤ ትምህርት ቤቱ ከልጁ ቀድሞ መወሰን አለበት። ሁለተኛ፣ የፈተና ቀን ሲቈረጥ የየአካባቢው የዝናብ ወራት እንዲታሰብ ነው። ለአንዱ ክፍለ ሀገር ደረቅ የሆነው ሰኔ ለሌላው የሙላት ወር ነው። ሦስተኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛዎች ዋናና የወንዝ ጥንቃቄ ከአካል ማሠልጠኛ ትምህርት ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ ነው። ድልድይ መሥራት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን ይጠይቃል፤ ይህ ግን አንድ ገመድ፣ አንድ ቆርቆሮ ቀለምና የሠለጠነ መምህር ይበቃዋል። ይህን ስል ድልድዩ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ድልድዩ እስኪሠራ ልጁ ይኑር ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዘመናችን ወንዞች እየተለወጡ ነው። በኦሞ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ በ2016፣ በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በ2025 ተመርቀዋል። በዩጋንዳም በ2012 ሥራ የጀመረው የቡጃጋሊ ግድብ በቀዛፊዎች ዘንድ የታወቀውን ፏፏቴ በውሃ ውጦታል። የመብራትን ጥቅም ማታ በኩራዝ ያጠና መምህር አይክድም። ነገር ግን ከኀይል ማመንጫ ግድብ በታች ያለ ወንዝ ዝናብ ሳይዘንብ ሊሞላ ይችላልና አባቶች ከሰማይ ያነበቡት ምልክት ብቻውን አይበቃም። የትናንቱ ዕውቀት ለዛሬው ወንዝ በማይበቃበት ጊዜ፣ አዲሱን ዕውቀት የሚያቀርበው ትምህርት ቤት ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ከቀዛፊዎች ሥርዐት መካከል ለእኛ ሙያ የሚስማማውን አንዱን ላንሣና ንግግሬን ልፈጽም። በሰልፉ መጨረሻ የሚሄደው ከሁሉ የበረታው ነው ብያለሁ። በትምህርት ቤቶቻችን የበረታውን መምህር ብዙ ጊዜ የምንመድበው ለፊተኞቹ፣ ለጐበዞቹ፣ ለከተማዎቹ ልጆች ነው። ከወንዝ ማዶ ለሚመጣው፣ ዘግይቶ ለሚደርሰው፣ እግሩ እርጥብ ሆኖ በመጨረሻው ወንበር ለሚቀመጠው ልጅ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ወንዝን የሚያውቁ ሰዎች ይህን ሰልፍ ቢያዩ፣ «ይህ ቡድን አንድ ሰው ሳያጎድል ከታች አይደርስም» ይላሉ። ሰልፋችንን እናስተካክል ዘንድ ማሳሰቤን በቅንነት እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ።